እምቢ ያለው ሃርድ ዲስክ

ዲስኩ ዛሬም እምቢ አለ።

ሬምኮ ትእዛዙን ሰጠው፤ አሮጌው ማሽን ጥቂት አጉረመረመ፤ ከዚያ ያቺው የለመድናት ዐረፍተ ነገር ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፦ «ፎርማት ማድረግ አልተቻለም።» እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ኬብሉን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ሲሰካው ክንዱ ክንዴን ነካ፤ ሁለታችንም ክንዳችንን አላራቅንም።

«ምን ይሻላል ያንቲና?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

«ባለሙያው አንተ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ሌላ ኬብል እንሞክር።»

«ባለፈው ቅዳሜም ሌላ ኬብል ሞክረን ነበር።»

«ይሄ ደግሞ ከዚያኛው ሌላ ነው።»

ከልብስ ስፌቱ ጠረጴዛ ጌዚና የአንዱን ጃኬት ዚፕ እየተረተረች ጮኸች። ጌዚና ስትናገር አዳራሹ በሙሉ ካልሰማ የተናገረች አይመስላትም። «እናንተ ልጆች! ያ ሣጥን ከሞተ ቆይቷል! ቅበሩትና ተሳሳሙ፣ እኛም እንገላገል!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። የሬምኮ ጆሮ ቀላ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ዲስኩን የማይ መሰልሁ።

በመንደራችን አዳራሽ ቅዳሜ ጠዋት የጥገና ቀን ነው። መጥበሻው የተበላሸበት፣ ሰዓቱ የቆመበት፣ ሬዲዮው የዘጋበት ሁሉ ይመጣል፤ የሚጠግኑትም ከመንደሩ የወጡ ሰዎች ናቸው፣ በነፃ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ዕቃን ጥሎ መሄድ አይቻልም። ባለቤቱ ከጠጋኙ ጎን ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ካልተቀመጠ ማንም መፍቻ አያነሣም። ዕቃው ከተጠገነ ደግሞ ባለቤቱ አመስግኖ ተነሥቶ ወንበሩን ለሚቀጥለው ይለቃል። ይህን ሕግ ያወጣውን ሰው አላውቀውም፤ ግን ነፍሱን ይማር።

እኔ ለወረዳችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ፎቶ አነሣለሁ። ኮምፒውተሬ በበግ ገበያና በእግር ኳስ ፎቶ ጢም ብሎ ስለሞላ፣ በንጉሡ ልደት ቀን፣ ሰው ሁሉ ብርቱካናማ ለብሶ ከቤቱ የተረፈውን መንገድ ዳር አንጥፎ በሚሸጥበት ጊዜ፣ ከአንድ ሽማግሌ ይህን ዲስክ ገዛሁ። «ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሲዞር ሰምቼዋለሁ» አለኝ። መዞሩንስ ይዞራል። ሲሰካ ድምፁ ጤነኛ ነው፤ አይቆረቁርም፣ አያፏጭም። ግን አፉ ከተራ ኮምፒውተር አፍ ጋር አልገጠመም። ሬምኮ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ ትልቅ አሮጌ ማሽን ከየት እንደሆነ እንጃ ተሸክሞ መጣና ሰካው። ገጠመ። ማሽኑ ዲስኩን አየው፣ ስሙንም ጠራው። ፎርማት አድርግ ሲሉት ግን ዲስኩ እምቢ! ኬብል ቀየርን፣ የሚሰካበትን ቦታ ቀየርን፣ በውስጡ የነበረውን አጥፍተን ደግመን ሞከርን። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላል ሬምኮ በየቅዳሜው፤ ሥሩን ግን አያገኘውም። እኔም ባያገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

ለምን ሌላ ቦታ አትገናኙም የሚለኝ ሰው ኦልዳምትን፣ ይህን የእኛን ወረዳ፣ አያውቅም። ሬምኮ የተን ሆርኖች ልጅ ነው። ቤታቸው ኩሬና ትልልቅ ዛፎች ያሉት፣ ጣሪያው ከቤተ ክርስቲያኑ የሚያንሰው በጥቂት ብቻ ነው። እኛ ከግድቡ ሥር በተደረደሩት የጡብ ቤቶች ነን። ቅድመ አያቴ ለእሱ ቅድመ አያት ድንች ሲኮተኩት ኖሮ፣ በእርሻ ሠራተኞች ታላቅ አድማ ጊዜ መኮትኮቻውን ጥሎ በሩ ላይ የቆመ ሰው ነው። ሁለቱም ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆነ። ጠቡ ግን አልሞተም። አባቴ ሃርም ከተን ሆርን እርሻ የወጣ ድንች ቤታችን አያስገባም። የሬምኮ እናት ወይዘሮ ቲቲያ ደግሞ መንገድ ላይ ካገኘችኝ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ለማየት ሰማዩን ታንጋጥጣለች።

እሷው ናት በዚያ ቅዳሜ ወደ አዳራሹ የገባችው። ከክንዷ ላይ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ጫፉ የተቀደደ። ማግስቱ እሑድ የሬምኮ ልደት ነበር።

ጌዚና በደስታ ወንበር ሳበችላት። «ይቀመጡ ወይዘሮ ቲቲያ! ሕጉ ሕግ ነው፤ ለእርስዎም ያው ነው።»

ተቀመጠች። ከዚያ ወንበር ላይ ሆና የምታየው እኛን ብቻ ነው። ክንዴን ሰበሰብሁ። ሬምኮ ግን «አንድ ኬብል መኪናዬ ውስጥ አለ» ብሎ ወጣ። ሁሌም ሲጨንቀው ኬብል ይፈልጋል።

ወይዘሮ ቲቲያ ተነሥታ መጣች። ዲስኩን ከላይ ሆና አየችው።

«ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እስካሁን አልጠገነልሽም?»

«አስቸጋሪ ዲስክ ነው ወይዘሮ ቲቲያ።»

«አይደለም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ክፋት አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰው። «ልጄ በሽታውን ካወቀ ቆይቷል። ራት ላይ ለአባቱ ሲያስረዳ እዚያው ነበርሁ። ከትልቅ ድርጅት ማከማቻ የወጣ ዲስክ ነው አለ፤ ውስጡ የተከፋፈለበት ልክ የእናንተ ኮምፒውተር ከሚያውቀው ልክ በጥቂት ይሰፋል። ከሥሩ እንደገና መከፋፈል አለበት። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፤ ሥራው ግን ቀኑን ይፈጃል፣ መብራትም ለአፍታ መጥፋት የለበትም። አዳራሹ ደግሞ ቀትር ላይ ይዘጋል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሰው ቤት መሠራት አለበት። ሕጋችሁ ባለቤቷ አጠገቡ ትቀመጥ ይላል። የማን ቤት ይዞሽ ይሂድ?» የጠረጴዛ ልብሷን አጣጠፈች። «እኔ ምንም አላልሁሽም። እሱ ለምን እንዳልነገረሽ ራሱን ጠይቂው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች፣ ያ ሁሉ ኬብል! ፊቴ ነደደ። ዲስኩን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁና ወጣሁ።

*

ከብስክሌቶቹ አጠገብ አገኘሁት። እጁ ላይ በእርግጥም ኬብል ይዟል።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ምኑን?»

«ሬምኮ፣ አታጃጅለኝ!»

ኬብሉን በእጁ ጠቀለለው፣ ፈታው። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ይመጣ ነበር። «ቆይቷል» አለ። «ብጠግነው ትሄጃለሽ። ወንበሩ ላይ የአንድ ሰው መጥበሻ ይመጣል። መጥበሻ አልፈለግሁም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል ያቀልጠኝ ነበር። ልቤም ጥቂት ቀልጦ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ቁጣዬ በለጠ።

«ጥሩ መልስ ነው። ግን ግማሽ ነው። ጨርሰው።»

ኬብሉን እንደገና ጠቀለለው።

«ጨርሰው አልሁህ! ቤት መሠራት ነበረበት። ታዲያ ለምን ቤትህ አልወሰድኸኝም?»

«ፈራሁ» አለ።

«እናትህን?»

«እናቴን አይደለም። እዚያ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠሽ ሰው ሁሉ በአንቺ ላይ ሲያንጋጥጥ ማየትን። አልችለውም ያንቲና። እወድሻለሁ፤ አልችለውም።»

«እወድሻለሁ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። በብስክሌት መካከል፣ ኬብል ይዞ፣ በፍርሃት! ይህችን ቃል ስጠብቅ ስንት ሌሊት እንዳሰብሁላት እሱ አያውቅም። አሁን መጣችና እንኳ ልደሰትባት አልቻልሁም።

«ስማኝ» አልሁት። «እኔ መናቅ አያስፈራኝም። ስናቅ ነው ያደግሁት፤ ለናቀኝ ሰው የሚሆን መልስ ከአፌ ጠፍቶ አያውቅም። የሚያስፈራኝ መደበቅ ነው። አንተ የምትደብቀኝ ከሆነ ለማን ነው የምመልሰው? ከማን ጋር ነው የምጣላው?»

«እኔ አንቺን ደብቄ...»

«ደብቀኸኛል! ከተበላሸ ዕቃ ጀርባ ደብቀኸኛል!»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ በላይ ልናገር አልፈለግሁም፤ አፌ ግን ከእኔ ቀደመ።

«ነገ ልደትህ ነው። ማሽኑን ዛሬ ቤትህ ውሰድ። ዲስኩ ከእኔ ጋር ያድራል። ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። በፊት በር።»

ራሱን ቀና አደረገ። «በፊት በር?»

በእኛ አካባቢ በትልቅ እርሻ ቤት የፊት በር ለሁለት ነገር ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ሙሽራ ሲገባና አስከሬን ሲወጣ። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ዶክተሩም ቄሱም፣ በጎን በኩል በጎተራው ነው የሚገባው።

«ያንቲና፣ በዚያ በር እኮ...»

«አውቃለሁ። አስከሬን ደግሞ አይደለሁም። ካልከፈትህልኝ ዲስኩን ቦዩ ውስጥ እጥለዋለሁ፤ አንተንም ከልቤ አውጥቼ አብሬ እጥልሃለሁ።»

ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ሄድሁ። ዞር አላልሁም። ዞር ብል እንባዬን ያይ ነበር።

ቤት ስደርስ አባቴ የአተር ሾርባውን እየበላ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርሁት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ተን ሆርኖች ቤት?»

«አዎ አባዬ።»

«በየትኛው በር?»

«በፊት በር ብዬዋለሁ።»

አባቴ ሾርባውን ወደ ጎን ገፋ። «የእኛ ሰው መቶ ዓመት በጎተራ ነው የገባው፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ» አለ። «በፊት በር ከከፈቱልሽ ግቢ። በጎተራ በኩል ዙሪ ካሉሽ ግን ወደ ቤትሽ ነይ፤ ሾርባ አለ።»

የአባቴን ጭንቅላት ሳምሁት። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

*

እሑድ ጠዋት ዲስኩን በሹራብ ጠቅልዬ በትልልቆቹ ዛፎች መካከል በሚወስደው ጠጠር ላይ ሄድሁ። እግሬን አላዘገየሁም። ደወሉን ሳብሁ።

ማንም አልከፈተም። ከውስጥ ግን መዶሻ ይሰማል። አንድ ሰው ያቃስታል፣ ይገፋል፣ ይረግማል። በሩ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ስላልተከፈተ ቀለሙ ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል። ትንሽ ቆይቶ ጠርዙ ላይ የመፍቻ ጫፍ ብቅ አለ፤ የቀለም ቅርፊት ረገፈ፤ በሩ በትልቅ ጩኸት ተበረገደ። ሬምኮ በልደት ሸሚዙ ቆሟል፤ ላብ በላብ ሆኗል፤ አውራ ጣቱ ይደማል።

«ግቢ» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ከኋላው ያሉት እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ ያንቲና!»

ቁጣዬን ፈልጌ አጣሁት።

ማሽኑ ሳሎኑ ጥግ፣ የአያቶቹ ሥዕል ሥር ተቀምጦ ነበር። ዲስኩን ሰካን። ሬምኮ ያቺን አንድ መስመር ጻፈ፤ ጣቱን ከማንሣቱ በፊት አየኝ። «ከጀመረ በኋላ መብራት ከጠፋ ያለቀው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከሀ መጀመር ነው» አለ። «ጀምር» አልሁት። መታው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑ እምቢ አላለም። አንድ ትንሽ ቁጥር መጣችና መቁጠር ጀመረች።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመዶች ገቡ፤ በጎን በር። ወንበሮቹ እንደ ልማዱ በክብ ተደረደሩ። ልደት ቤት የገባ ሰው ክቡን ይዞራል፤ ለባለ ልደቱ ብቻ ሳይሆን ለሰዎቹ ሁሉ እጅ ይሰጣል፤ «እንኳን ለልጅሽ ልደት አደረሰሽ»፣ «እንኳን ለወንድምሽ ልጅ ልደት አደረሰሽ» እያለ። እነሱም ይመልሳሉ፤ የባለ ልደቱ የሆነ ሁሉ የየራሱን እንኳን አደረሰህ ይቀበላል። ያልተባለለት ሰው እንግዳ ነው።

ተነሥቼ ዞርሁ። «እንኳን ለልጅዎ ልደት አደረሰዎ ወይዘሮ ቲቲያ።» የጣቷን ጫፍ ሰጠችኝ። «እንኳን ለልጅዎ ልደት አደረሰዎ አቶ ኦኖ።» የሬምኮ አባት ብዙ የማይናገር ግዙፍ ሰው ነው፤ እጄን ጨበጠና ራሱን ነቀነቀ። አክስቶችን ዞርሁ፣ አጎቶችን ዞርሁ። ሁሉም «አመሰግናለሁ» አሉ። ለእኔ መልሶ ያለ ግን የለም።

አንዷ አክስት መነጽሯን አስተካከለች። «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?»

«የዲስኩ ባለቤት ናት» አለች ወይዘሮ ቲቲያ ፈጥና። «ሬምኮ የሚጠግንላት።»

ክቡ ውስጥ «አሃ» የሚል ድምፅ ዞረ። ሬምኮ አፉን ከፈተ፤ እኔ ግን ቀደምሁት።

«ዲስኩስ የእኔ ነው» አልሁ፣ በክቡ መሐል ቆሜ። «ግን ይኸው ዞሬ ጨረስሁ፤ ለሁላችሁም እንኳን አደረሳችሁ አልሁ፤ ለእኔ ያለኝ ሰው የለም። ጥሩ፤ ራሴ እለዋለሁ።» ቀኝ እጄን በግራ እጄ ያዝሁና ነቀነቅሁት። «ያንቲና፣ እንኳን ለሬምኮ ልደት አደረሰሽ! እንኳን አብሮ አደረሰን!»

የሻይ ማንኪያ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ጉንጬ ተቃጠለ፤ ቢሆንም እጄን አልለቀቅሁም።

ሬምኮ ከባለ ልደቱ ወንበር ተነሣ። በአበባ ያጌጠውን ወንበር ገፍቶ ክቡን አቋርጦ መጣና በአክስቶቹ ፊት ጉንጬን ሳመኝ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ደግሞ ቀኝ፣ ዘመድ ዘመዱን እንደሚስመው።

«እንኳን ለእኔ ልደት አደረሰሽ» አለኝ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ዘገየሁ። ይቅር በይኝ።»

አቶ ኦኖን ቡናው ትን አለውና ሳለ፤ ሳሉ መጨረሻው ላይ ሳቅ ይመስል ነበር። ወይዘሮ ቲቲያ ተነሥታ ወጣች።

*

ከቀትር በኋላ ወይዘሮ ቲቲያ በኮሪደሩ ጠራችኝ። ቆጣሪው ሥር ቆማለች፤ በእጇ ምድጃ ውስጥ የሚገባ ቋሊማ የተጠቀለለበት ሊጥ በትሪ ይዛለች።

«ምድጃውን ልለኩስ ነው» አለች። «ቡና ማፍያው አለ፤ ያንቺ ማሽን አለ። የዚህ ቤት መብራት አሮጌ ነው፤ ምድጃው ሲጨመር ቆጣሪው ይወድቃል።»

ገባኝ። ጣቷን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። ዲስኩ ከሀ ይጀምራል፤ ቀኑ ያልቃል፤ እኔም ዕቃዬን ታቅፌ እወጣለሁ።

«ይለኩሱት» አልሁ።

«ሥራሽ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።»

«ነገ እመጣለኋ! ነገም ከወደቀ ከነገ ወዲያ። ባለቤቷ አጠገቡ ትቀመጥ ነው የሚለው ሕጉ፤ እኔ ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አልሰለቸኝም። ከእኔ መገላገል ከፈለጉ የሚያዋጣዎት እንዲጨርስ መተው ነው ወይዘሮ ቲቲያ።»

አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማዩን ሳይሆን እኔን አየችኝ።

«ግትር ነሽ።»

«የማን ዘር እንደሆንሁ ያውቃሉ።»

«እናውቃለን። መቶ ዓመት እያወቅናችሁ ነው።» ትሪውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ጠዋት ያን በር ሲታገል አይተሽዋል? እጁ ደምቶ ተው ብለው አልሰማኝም። እኔ ያሳደግሁት ልጅ ጠብ የሚፈራ ልጅ ነበር። ለእኔ ሲል እንደዚያ ታግሎ አያውቅም።»

ቅናቷ ገባኝ፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እቀና ነበር። እጇን ልይዘው ከጀለኝ፤ አልደፈርሁም።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ፤ ትሪዋን ይዛም ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ምድጃው አልተለኮሰም። ቋሊማው ሳይጋገር ቀረ፤ አክስቶቹ በእሱ ፋንታ አይብ በሰናፍጭ እየበሉ አጉረመረሙ። እኔ ሬምኮ አጠገብ ተቀምጬ ቁጥሯ ስትጨምር አየሁ። እጁ በወንበሮቹ መካከል እጄን አገኘ፤ የአውራ ጣቱ ፋሻ ይሻክር ነበር።

አመሻሽ ላይ ከኩሽና የውሃ ድምፅ ተሰማ፤ ድንች እየታጠበ ነበር። በአገራችን ይህ ድምፅ ሲሰማ እንግዳ ኮቱን ያነሣል። ማንም ሂዱ አይልም፤ ሁሉም ያውቃል። ድንች በሰው ልክ ተቆጥሮ ነው የሚላጠው፤ ራት የቤተሰብ ነው፤ ሳይጠየቅ የተቀመጠ ሰው ነውረኛ ነው። አክስቶቹ ተሳሳሙ፤ አጎቶቹ መኪናቸውን አስነሡ። ቤቱ ጸጥ አለ።

በዚያች ቅጽበት ነበር ቁጥሯ መቁጠር ያቆመችው። ማሽኑ አንዴ ተነፈሰና ዐረፈ። ሬምኮ በዝግታ ፎርማት አድርግ አለው። ዲስኩ ያለ አንዲት ቃል እሺ አለ። ባዶ፣ ንጹሕ፣ ሰፊ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ሥራው አለቀ። ሕጉም ያው ነው፤ የተጠገነለት ሰው አመስግኖ ይነሣል። እስኪያልቅ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ተቀመጥሁ። ከዚያ በላይ ግን የሰው ቤት ራት ላይ ዓይን ጥዬ የምለምን የሃርም ልጅ አይደለሁም። ዲስኩን ነቀልሁ፤ በሹራቤ ጠቀለልሁት። ኮቴን አነሣሁ።

«አትሂጂ» አለኝ ሬምኮ።

«አንተ አትሂጂ ስላልኸኝ ብቻ አልቀርም» አልሁት። «ይህን እኔም አንተም እናውቃለን።» አንድ እጄን ኮቱ ውስጥ አስገባሁ። እንባ ላለማፍሰስ የአያቶቹ ሥዕል ላይ አፈጠጥሁ፤ እነሱም አፈጠጡብኝ። ከአንዳቸውም ዓይኔን አልሰበርሁም።

የኩሽናው በር ተከፈተ። ወይዘሮ ቲቲያ በሽርጧ ቆማለች፤ ቢላዋ በአንድ እጇ፣ በሌላው ግማሹ የተላጠ ድንች። ውሃ ከእጇ ይንጠባጠባል። ኮቴን አየች፤ ልጇን አየች። ፊቷ አልፈገገም።

«ያንቲና» አለች። ስሜን ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ስንት ድንች ትበያለሽ?»

ሬምኮ ከኋላዬ ትንፋሹን ያዘ። ያን ሁሉ ቀን ለሁሉም መልስ የነበረኝ ሴት አንዲት ቁጥር ልናገር አቃተኝ። ኮቴ ከትከሻዬ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እንባዬም በእሷ ፊት ፈሰሰ፤ አልጠረግሁትም።

«አምስት» አልኋት።

«አምስት!» አለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ።

«አምስት» አልኋት ደግሜ፣ ቀና ብዬ፣ እያለቀስሁ።